ከእጅ ከወጣ በኋላ

ከእጅ የወጣ ድንጋይ የማን ነው? ጥያቄው ልጅ የሚጠይቀው ይመስላል፤ ነገር ግን ትልልቅ አሳቢዎች ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ተመላልሰውበታል። እዚህ የማነሳው ብዙ ሰው እንደ ቀላል ነገር ከሚያልፈው ቦታ፣ ከአንድ የካርቱን ጨዋታ ተነሥቼ ነው። አንግሪ በርድስ የተባለው የፊንላንዱ የሮቪዮ ኩባንያ ሥራ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 ለስልክ ወጣ፤ በ2011 ደግሞ ማንም ሰው ብሮውዘሩን ከፍቶ የሚጫወተው ሆነ። በስክሪኑ ግራ በኩል በባላ እንጨት ላይ የታሰረ የላስቲክ ወንጭፍ ቆሟል፤ በቀኝ በኩል ከእንጨት፣ ከመስታወትና ከድንጋይ በተካበ ግንብ ውስጥ አረንጓዴ አሳማዎች ተቀምጠዋል። ተጫዋቹ ቀዩን ወፍ ይይዛል፣ ላስቲኩን ወደ ኋላ ይስባል፣ ጣቱን ጥቂት ከፍ ጥቂት ዝቅ እያደረገ ያመነታል፣ ከዚያ ይለቃል። ከለቀቀ በኋላ የሚያደርገው ነገር የለም። ወፉ ሽቅብ ይወጣል፣ ከአናት ላይ ትንሽ የዘገየ ይመስላል፣ ቁልቁል ይወርዳል፣ ግንቡን ይገጫል፤ ተጫዋቹ ይህን ሁሉ ቆሞ ያያል። ልብ ብሎ ላስተዋለ ሰው ግን ከጨዋታው ሁሉ ዓይን የማይነቀልበት፣ ትንፋሽም የሚያዝበት ይኸው ምንም የማይደረግበት ጊዜ ነው። መጫወት ማለት አንድ ነገር ማድረግ ከሆነ፣ ማድረግ ያቆምንበት ቅጽበት እንዴት የጨዋታው እምብርት ሊሆን ቻለ?

ለመወደዱ የሚሰጡ የተለመዱ ምክንያቶች አሉ። ሥዕሉ ያምራል፣ ሕጉ በአንድ ደቂቃ ይገባል፣ የተካበን ነገር መናድ ደግሞ የሰው ልጅ የቆየ ደስታ ነው ይባላል። ሦስቱም ሐሰት አይደሉም፤ ግን አይበቁም። ደስታው በመናዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግንቡን በአንድ ንክኪ እንዳልነበር የሚያደርግ ቁልፍ ከወንጭፉ አብልጦ በተወደደ ነበር። እንዲህ ያለ ቁልፍ ግን ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲነኩት ይሰለቻል፤ የፈለጉት ነገር በፈለጉበት ቅጽበት ሲሆን ከፍላጎቱ በቀር የተጨመረ ነገር አይኖርም። በርናርድ ሱትስ የተባለው ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ስለ ጨዋታ ምንነት በሚመረምር መጽሐፉ፣ መጫወትን የማያስፈልጉ መሰናክሎችን ወዶና ፈቅዶ ለማለፍ መጣር አድርጎ ተርጉሞታል። ትርጓሜው ቁልፉ ለምን እንደሚሰለች ያስረዳል፤ አንድ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ጨዋታ ሳይመልስ ይተዋል፤ መሰናክሉ የትኛው ነው? በሩጫ ድካም ነው፤ በቼዝ የባላጋራ አእምሮ ነው። በወንጭፉስ? ግንቡ ነው እንዳንል፣ ግንቡ ሳይኖር አሳማው ሜዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ እንኳ ጨዋታው ጨዋታ ሆኖ ይቀጥላል። እኔ እንደሚመስለኝ መሰናክሉ በፈቃድና በውጤት መካከል የተዘረጋው ክፍት ቦታ ራሱ ነው። የመኪና ውድድር በሚመስል ጨዋታ እጅ ከመሪው አይለይም፤ የተሳሳተው ሲሳሳት እያየ ያርማል። እዚህ ግን የሚታሰበው ሁሉ ከመልቀቅ በፊት ታስቦ ማለቅ አለበት፤ የቀረ ሐሳብ ቢኖር ወፉን ተከትሎ አይደርስበትም።

አርስቶትልን ያስቸገረው ይኸው ክፍት ቦታ ነበር። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ሲነካው ነው ብሎ ያምን ስለነበር፣ እጅ የተለየው ድንጋይ ለምን ወዲያው እንደማይወድቅ ማስረዳት ነበረበት። መልሱን ከአየር ላይ ፈለገ፤ ወርዋሪው ለአየሩ የመግፋት ችሎታ ይሰጠዋል፣ አየሩም ድንጋዩን እየተቀባበለ ይወስደዋል አለ። በስድስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ይህን አልተቀበለም። የሚገፋው አየር ከሆነ ድንጋዩን መጨበጥ ለምን አስፈለገ፣ ከኋላው ያለውን አየር ብቻ ብናናውጠው ይበር የለም ወይ ብሎ ሞገተ። በእሱ ዘንድ ወርዋሪው በድንጋዩ በራሱ ላይ ኃይል ያሳድርበታል፤ ድንጋዩም ያ ኃይል እስኪያልቅ ይሄዳል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው የመጨረሻ መጽሐፉ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ያዘው። አንዴ የተሰጠ የአግድም እንቅስቃሴ የሚያግደው ከሌለ እንዳለ ይዘልቃል፤ ድንጋዩ ይህን ይዞ እየሄደ በየቅጽበቱ ደግሞ ይወድቃል፤ ሁለቱ አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ ሲደመሩ ፓራቦላ የሚባለው ቅስት ይወጣል። ሦስቱ መልሶች ስለ ድንጋይ የተነገሩ ናቸው፤ ግን ስለ ሥራችን እንደተነገሩ አድርገን ብናነባቸው ሦስት የተለያዩ የኃላፊነት አሳቦች ይሆናሉ። በአርስቶትል መንገድ ከሆነ፣ ከለቀቅን በኋላ ሥራችን በሌሎች እጅ ነው፤ የሚወስዱት እነሱ ናቸው። በፊሎፖኖስ መንገድ ሥራችን ከእኛ የተቀበለው ትንሽ ፈቃድ በውስጡ አለ፤ እያደር ግን ይነጥፋል። በጋሊሊዮ መንገድ የሰጠነው ከቶ አይነጥፍም፤ ብቻውን ግን አይሆንም፤ ያልሰጠነው ነገር ከመጀመሪያው ቅጽበት ጀምሮ ይደመርበታል። ሦስተኛው ከሁለቱ ይልቅ ከባድ ነው፤ የኔ አይደለም ማለትንም፣ የኔ ብቻ ነው ማለትንም አንድ ላይ ይከለክላልና። ተጫዋቹ ወፉን በዓይኑ ሲከተል የሚያየው ይህን ድምር ነው ብዬ አስባለሁ፤ በቅስቱ ላይ ካሉት ነጥቦች አንዱም የእሱ ፈቃድ ብቻ አይደለም፣ አንዱም ከእሱ ፈቃድ ውጭ አይደለም።

የጨዋታው ስልት ከዚሁ ይወለዳል። ልምድ ያለው ተጫዋች ላስቲኩን አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው ይስበዋል፤ ስለዚህ የመነሻው ፍጥነት አንድ ዓይነት ይሆንና የሚቀረው ምርጫ የማዕዘን ብቻ ነው። ትንሽ ምርጫ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ግን ብዙ ነው። መሬቱ ሜዳ ቢሆንና የአየሩን መቋቋም ብንተወው፣ ተወንጫፊ እጅግ ርቆ የሚሄደው በ45 ዲግሪ ሲለቀቅ ነው፤ ታርታሊያ የተባለው የጣሊያን የሒሳብ ሊቅ ይህን እ.ኤ.አ. በ1537 ጽፎታል። ከዚያ መለስ ወዳለ ቦታ ሁሉ ግን የሚያደርሱ መንገዶች ሁለት ናቸው። በ30 ዲግሪ የተለቀቀና በ60 ዲግሪ የተለቀቀ አንድ ነጥብ ላይ ያርፋሉ። የመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ፈጥኖ ይደርስና ግድግዳውን በጎኑ ይመታል፤ ሁለተኛው በአየር ላይ 1.7 እጥፍ ያህል ጊዜ ቆይቶ ጣሪያውን ከላይ ይመታል። ተጫዋቹ የት እንደሚያርፍ ከወሰነ በኋላም እንግዲህ የሚወስነው ይቀረዋል፤ እንዴት አድርጎ መድረስ እንዳለበት። የአሳማው ከለላ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀጭን እንጨት ከሆነ ዝቅ ያለው መንገድ ይሻላል፤ በድንጋይ ግድግዳ ተከልሎ አናቱ ክፍት ከሆነ ግን ከፍ ያለው ብቻ ይደርስበታል። ዒላማን ማወቅ የሚገኝበትን ቦታ ከማወቅ ሰፋ ያለ ነገር መሆኑን ይህ ያሳያል። በየት በኩል የተከፈተ ነው፣ ምን ተደግፎ ቆሟል፣ ምን ቢነካ ይናወጣል የሚለው ሁሉ የዒላማው አካል ነው።

በዚሁ ሒሳብ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። በ45 ዲግሪ 100 ሜትር የሚሄድ ተወንጫፊ እናስብ። በዚያ ማዕዘን ያነጣጠረ ሰው እጁ አንድ ዲግሪ ቢስት ከርቀቱ የሚያጣው 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያው ፍጥነት በ15 ዲግሪ 50 ሜትር ላይ ያለውን ነገር ያነጣጠረ ግን ያችኑ አንድ ዲግሪ ከፍ ቢያደርግ ዒላማውን 3 ሜትር ያህል አልፎት ይሄዳል። ሩቁ እጅን ይቅር ይላል፣ ቅርቡ አይልም። በተለምዶ የምናስበው ተቃራኒውን ነው፤ ቅርብ ያለው ቀላል፣ ሩቅ ያለው ከባድ ይመስለናል። ምክንያቱን ስንመረምረው በአቅሙ ዳርቻ ላይ የቆመ ሰው መንገዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ቅስት እዚያ ላይ ተገናኝተው አንድ ሆነዋል፣ በዙሪያቸው ያሉት ማዕዘኖችም ሁሉ ወደዚያው ወደ አንዱ ቦታ ተጠጋግተው ይወድቃሉ። ጥንቃቄ የሚጠየቀው አቅሙ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ፣ ስለዚህም በሁለት መንገድ መካከል የሚመርጥ ሰው ነው። ምርጫ ባለበት ቦታ የእጅ ስሕተት ይገዝፋል።

ከሁሉ የሚጠልቀው ስልት ግን የሚገለጠው ወፉ ሲስት ነው። በአንግሪ በርድስ የተወረወረው ወፍ ያለፈበት መንገድ በነጠብጣብ ተስሎ በሰማዩ ላይ ይቀራል፤ ቀጣዩ ወፍ ወንጭፉ ላይ ሲወጣ ያለፈው ስሕተት ከፊቱ ተሰቅሎ ያገኘዋል። ጀማሪ ይህን ነጠብጣብ አያየውም፤ ዓይኑ አሳማው ላይ ነው፤ በሳተ ቁጥር አዲስ ሙከራ ይጀምራል፣ ሙከራዎቹም አይተዋወቁም። የለመደው ሰው የሚያየው ነጠብጣቡን ነው። አሳማውን በምን ያህል አለፈው፣ ከየት ላይ ማጠፍ ጀመረ ብሎ ይለካና ከዚያች ልኬት ብቻ ጥቂት ይለውጣል። መድፈኞች ከጥንት ይህን ያውቁታል፤ አንዱን ያሳልፋሉ፣ ሁለተኛውን ያሳጥራሉ፣ ከዚያ በሁለቱ መሐል ያለውን እየከፈሉ ይጠጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 ከኤምኤስ ዶስ 5 ጋር ይመጣ በነበረው ጎሪላስ በተባለው ጨዋታ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነበር፤ በከተማ ሕንፃዎች ላይ የቆሙ ሁለት ጎሪላዎች ሙዝ ይወራወራሉ፣ ተጫዋቹም ማዕዘኑንና ፍጥነቱን በቁጥር ይጽፋል። 60 ብሎ ጽፎ የሳተ ሰው ስሕተቱ ቁጥር አለው፤ ቁጥር ያለው ስሕተት ደግሞ ዕውቀት ነው። ከዚህ የሚከተለው ሐሳብ ለጆሮ ይከብዳል፤ በመጀመሪያው ውርወራ የመታ ሰው ከሳተው ያነሰ ያውቃል። ለምን እንደመታ አያውቅም፤ ዒላማው ሁለት ክንድ ቢርቅ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። የሳተው ግን በአንድ ማዕዘንና በአንድ ማረፊያ መካከል ያለውን ዝምድና ይዟል። ስለዚህ ማነጣጠርን ዓይንን ዒላማ ላይ መትከል አድርጎ መተርጎም ግማሹን መተው ነው፤ ሌላው ግማሽ ያለፈውን ስሕተት ማንበብ ነው፣ ከሁለቱም የሚያስቸግረው ይኸኛው ነው፤ ሰው ከስሕተቱ ላይ ዓይኑን ማንሳት ይቀናዋልና።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይመጣል። ቅስቱ ሒሳብ ቢሆንም የግንቡ መናድ ሒሳብ አይመስልም። ወፉ አንዱን እንጨት ይነካል፣ እንጨቱ ተንከባሎ ድንጋዩን ይገፋል፣ ድንጋዩ ያልታሰበ አሳማ ላይ ይወድቃል፤ ተጫዋቹም መታሁት ይላል። በርግጥ መታ? ጨዋታው የሚሠራው ቦክስ2ዲ በተባለ የፊዚክስ ስሌት ነው፤ በስሌቱ ውስጥ ዕጣ የሚባል ነገር ባይኖርም፣ በመነሻው ላይ ያለች ጣት የማትለያት ልዩነት ከአሥር ግጭት በኋላ ሌላ ፍርስራሽ ታወጣለች። ስለዚህ ለተጫዋቹ ዕድልና ስሌት መለየት የማይችላቸው ይሆናሉ። ተቃዋሚው እንግዲህ የምታወድሰው ስልት ከግማሽ በላይ ዕድል ነው፣ ሰውየው በዕድል ያገኘውን በችሎታ አገኘሁት ይላል ቢል መልስ የሌለው ይመስላል። እኔ ግን ሁለቱን የሚለይ መስፈርት አለ ባይ ነኝ፤ ይኸውም መድገም መቻል ነው። ሰው የራሴ ነው ሊል የሚገባው መልሶ ሊያደርገው የሚችለውን ያህል ነው። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾችም ሳያውቁት በዚህ ይሄዳሉ፤ ብዙ ግጭት ከሚጠይቀው አስደናቂ መናድ ይልቅ በአንድ ወይም በሁለት ግጭት የሚያልቀውን ይመርጣሉ፣ ከታች የቆመውን ተሸካሚ እንጨት ፈልገው እሱን ይመታሉ። የዕድልን ድርሻ ማጥፋት አይችሉም፤ ድርሻዋ የሚያንስበትን ቦታ ግን መምረጥ ይችላሉ። ይህም የሚመረጠው ከመልቀቅ በፊት ነው፤ እጅ ገና ላስቲኩን እንደያዘች።

ስቶይኮች የሚባሉት ፈላስፎች ከዚህ ወዲያ አልፈው ሄደዋል። ሮማዊው ጸሐፊ ሲሴሮ ስለ በጎ ነገር ፍጻሜ በጻፈው ሥራው ሦስተኛ ክፍል አሳባቸውን በቀስተኛ ምሳሌ ያቀርበዋል። ቀስተኛው በትክክል ለማነጣጠር የሚችለውን ሁሉ ያደርጋል፤ የመጨረሻ ግቡ ይኸው የሚችለውን ማድረጉ ነው፤ መምታቱ ቢሆን የሚመረጥ፣ ባይሆን ግን ከሰውየው በጎነት የማይጎድልበት ነገር ነው። ነፋስ ፍላጻውን ቢያስተው ነፋሱ የቀስተኛው አይደለምና። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ በዚህ ላይ ጠንክሮ ተነሣ፤ ቀስተኛ የሚችለውን ሁሉ የሚያደርገው ለመምታት ብሎ ሳይሆን የሚችለውን ሁሉ ለማድረግ ብሎ ነው ማለት ነገሩን ባዶ ማድረግ ነው አለ። ክርክሩ እስካሁን አላረጀም። ለኔ ፕሉታርክ በአንድ ነገር ትክክል ነው፤ አሳማውን ከስክሪኑ ብናነሣው በደንብ አነጣጠርሁ የሚለው ቃል ትርጉም ያጣል፤ ከዒላማ ውጭ ደኅና ማነጣጠርና መጥፎ ማነጣጠር አይለዩም። ስቶይኮችም በአንድ ነገር ትክክል ናቸው፤ አሳማው በአጋጣሚ ሲሞት የሚገኘው ደስታ ጎዶሎ መሆኑን የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል፤ ነጥቡ ተመዝግቦ፣ ለሙሉ ውጤት የሚሰጠው ሦስት ኮከብ በርቶ እንኳ ደረጃውን መልሶ የሚጫወት ሰው አለ። ነጥቡ ከሆነ የፈለገው፣ አግኝቷል። የፈለገው ሌላ ነው፤ ዒላማው ላይ የደረሰው ነገር እሱ የላከው ነገር መሆኑን ማወቅ ይፈልጋል። ዒላማው ስለዚህ ለፈቃድ መመዘኛ ሆኖ ይቆማል፤ መመዘኛ ሁሉ ደግሞ ሲመዝን ያስፈልጋል እንጂ የሚመዘነውን አይተካም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፊተኛው ይጠነክራል። ወንጭፉ የማይመለስ ነገር ማስተማሪያ ነው ስትል፣ ከስክሪኑ ማዕዘን ላይ ያለችውን እንደገና ጀምር የምትለዋን ምልክት ረሳህ ይባል ይሆናል። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚለው የአበው ቃል የተነገረው መመለሻ ለሌለው ዓለም ነው፤ እዚህ ግን አንድ ንክኪ ግንቡን መልሶ ይክባል፣ አሳማውን ያስነሣል፣ ወፉን ወንጭፉ ላይ ያስቀምጣል። መልሴ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል የሚል ነው። ምልክቷ የበረረውን ወፍ አትመልሰውም፤ ሌላ ወፍ ትሰጣለች። ወፉ በአየር ላይ ሳለ ተጫዋቹ አንድ ዲግሪ እንኳ ሊያቃናው አይችልም። ቢጫው ወፍ በበረራ ላይ ሲነኩት ይፈጥናል፣ ሰማያዊው ሦስት ይሆናል፤ ይህም ቢሆን አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈቀድ ሁለተኛ መልቀቅ ነው፣ እሱም አይመለስም። እንደገና ጀምር የሚለው ምልክት ያነሣው ቅጣትን ነው፤ አለመመለስን አላነሣም። በኑሮ ሁለቱ ሁልጊዜ ተጣብቀው ስለሚመጡ አንድ ይመስሉናል፤ የማይመለስ ነገር የሚያስፈራን ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው። ጨዋታው ዋጋውን ነጥሎ ሲያስቀረው አለመመለስ ብቻውን ይታያል፤ ሳይፈሩት ሊያጠኑት ይቻላል። እዚህ ላይ ግን አደጋ እንዳለ አልክድም። ዋጋ የሌለው መልቀቅ የለመደ እጅ ዋጋ ባለበት ቦታም ሊቸኩል ይችላል፤ በተለይ ነጠብጣቡን ሳያነብ ምልክቷን ደጋግሞ የሚነካ ሰው ከአሥር ሙከራ የሚያተርፈው አሥር ጊዜ መሳቱን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የታሪክ ነው፤ ለኔም ከሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው። የቅስት ሒሳብ የተጠናው ሰው ሰውን ከሩቅ እንዲመታ ነው። ታርታሊያ ራሱ ስለ መድፍ ያጠናውን ነገር ሲያስበው አፍሮ ወረቀቶቹን እንዳቃጠለ፣ ኋላ ግን የቱርክ ጦር ወደ ኢጣሊያ ሊመጣ ነው ሲባል አሳቡን እንደለወጠ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው የመጀመሪያ ትልቅ ሁለገብ የኤሌክትሮኒክስ ኮምፒዩተር የታቀደው ለአሜሪካ ጦር የመድፍ ተኩስ ሠንጠረዥ እንዲያሰላ ነበር። በ1958 በብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ጎብኚዎችን ለማጫወት የቴኒስ ጨዋታ የሠራው ዊልያም ሂጊንቦታምም የተጠቀመበት ኮምፒዩተር፣ መመሪያው የጥይትንና የሚሳይልን መንገድ እንዴት እንደሚያሰላ የሚያስረዳ ነበር፤ ሂጊንቦታም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአቶሚክ ቦምቡ ሥራ ላይ የነበረ፣ ከዚያ በኋላ የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ ሲከራከር የኖረ ሰው ነው። እንግዲህ ጨዋታው የመሣሪያ ልጅ ነው። ይህን ካርቱን ነው በሚል ማቃለል ለኔ አይዋጥልኝም፤ ካርቱን የተመታውን ሰው ከሥዕሉ የሚያወጣበት መንገድ መሆኑ እውነት ነውና። አሳማው ድምፅ ያሰማል፣ ይጠፋል፤ ሬሳ የለም፣ የሚያለቅስ ዘመድ የለም። ከሩቅ መግደልን ቀላል ያደረገው ነገርም በከፊል ይኸው ነው፤ ወርዋሪው ማረፊያውን ቀርቦ አያየውም።

ይሁንና የዚህን ካርቱን ሥራ ቀረብ ብለን ስናየው አንድ እንግዳ ነገር እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በዚያው በ2009፣ ከአንግሪ በርድስ ጥቂት ወራት ቀድሞ በብሮውዘር የወጣው ክራሽ ዘ ካስል የተባለው ጨዋታ አሠራሩ ተመሳሳይ ነበር፤ የድንጋይ መወርወሪያው ክንዱን ሲያወዛውዝ ተጫዋቹ በትክክለኛዋ ቅጽበት ነክቶ ይለቃል፣ ድንጋዩ በርሮ ቤተ መንግሥት ይንዳል። በዚያ ጨዋታ ፊት ያላቸው የሚመቱት ሰዎች ናቸው፤ የሚወረወረው ድንጋይ ድንጋይ ነው። አንግሪ በርድስ ለተወረወረውም ፊት ሰጠው። በአገራችን አዝመራ ሲደርስ ማማ ላይ የሚወጣ ልጅ በወንጭፉ ድንጋይ የሚልከው ወፎቹን ለማባረር ነው፤ እዚህ ወፉ ራሱ የወንጭፉ ድንጋይ ሆኗል፣ ቅንድቡን ቋጥሮ፣ ዕንቁላሉን የሰረቁበትን ለመበቀል። ይህ ለጨዋታው መወደድ ከሥዕሉ ውበት የበለጠ ምክንያት ይመስለኛል። ድንጋይ ሲበር የምናየው ከኋላው ቆመን ነው፤ ፊት ያለው ነገር ሲበር ግን አብረነው እንሄዳለን፣ ሲገጭም ሰውነታችን ትንሽ ይሸማቀቃል። ሥዕሉ የፊሎፖኖስን መልስ ለዓይን የሚታይ አድርጎታል፤ ከተወርዋሪው ውስጥ የወርዋሪው ፈቃድ አለ፣ እስኪደርስም ድረስ ይቆያል ይላል። ስሌቱ ግን የጋሊሊዮ ነው፤ ወፉ ምንም ያህል ቢቆጣ ከፓራቦላው አይወጣም። ዓይናችን አንዱን፣ እጃችን ሌላውን ታምናለች፤ በመልቀቅና በማረፍ መካከል ያለው ጊዜ የሚጣፍጠው ሁለቱ እምነቶች አብረው ስለሚበሩ ነው። ይህ መሣሪያነቱን ንጹሕ ያደርገዋል አልልም። ቢያንስ ግን ወርዋሪው ከላከው ነገር ጋር እስከ መጨረሻው እንዲሄድ ያደርጋል፤ የመድፍ ሠንጠረዥ ይህን ለማንም አላደረገም።

ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ ጨዋታውን የሚያበላሸው ምን እንደሆነም ማወቅ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በፌስቡክ ላይ በወጣው የአንግሪ በርድስ ቅጂ ከተጨመሩት ልዩ እርዳታዎች አንዱ፣ ወፉ ገና ሳይለቀቅ የሚሄድበትን መስመር ስሎ የሚያሳይ ነው። በሌሎች የማነጣጠር ጨዋታዎችም ይህ መስመር ተለምዷል። ዕውቀት ቢጨመር ስልት ይሻሻላል እንጂ ምን ይጎድላል የሚል ሊኖር ይችላል። የሚጎድለው መስመሩ ከየት እንደመጣ ሲታይ ይታወቃል። ካለፈው ስሕተት የተረፈው ነጠብጣብ ተጫዋቹ ራሱ የሠራው ነው፤ ከእሱ ወደ ቀጣዩ ለመሄድ ማሰብ፣ ማሰላሰል፣ መድፈር ያስፈልጋል። አስቀድሞ የተሳለው መስመር ግን ይህን ሁሉ በተጫዋቹ ፋንታ ጨርሶ ያቀርብለታል፤ እሱ የሚያደርገው የመስመሩን ጫፍ አሳማው ላይ ማስቀመጥ ነው። በመልክ ማነጣጠር ነው፤ በሥራ ግን ያ የሚሰለቸው ቁልፍ በሌላ መልክ ተመልሶ የመጣ ነው፤ በፈቃድና በውጤት መካከል የነበረው ክፍት ቦታ ተዘግቷል። ወፉ እንደ ቀድሞው ይበርራል፣ ቅስቱም ያው ነው፣ ግንቡም ይናዳል። ተጫዋቹ ግን በዚያን ጊዜ ዓይኑን ወደ ሌላ ቢያዞር የሚያመልጠው ነገር የለም፤ ነጥቡን ተመልሶ ያነበዋል።